ተስፋ እንዴት ይደረጋል? ከግብጦ የተማርኩት አሠራር

ባለፈው እሑድ ግብጦ ዘፈዘፍኩ።

ግብጦን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ በጎጃም፣ በማቻከል፣ በሰከላ፣ በአዊ ደጋም የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ሌላው እህል እምቢ ያለበት የደከመ መሬት ላይ ይበቅላል። ፍሬው ነጭ፣ ክብ፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላል። ጥሬውን የቀመሰ ሰው ምሬቱን አይረሳውም። ዝም ብሎ ቢበላ ለጤናም አደገኛ ነው። ስለዚህ ይለቀማል፣ ይቆላል፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ይሰነብታል። ወንዝ አጠገብ ያለ ሰው በከረጢት አስሮ፣ ድንጋይ ጭኖበት፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ይተወዋል። እንደ እኔ ከተማ የሚኖር በባልዲ ይዘፈዝፍና ውኃውን ይቀያይራል። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት። ከዚያ ተልጦ፣ ጨው ተነስንሶበት ይበላል።

ልጅ ሆኜ እናቴን "መቼ ነው የሚደርሰው?" እያልኩ አስቸግራት ነበር። እሷ አንድ ፍሬ አውጥታ ትቀምስና "ገና ነው" ትላለች። ውኃውን ትደፋለች። ሌላ ትሞላለች። ሲመርም አትናደድም፣ በአንድ ቀን እንዲጣፍጥም አትጠብቅም።

ይህ ትዝ ያለኝ በጎረቤቴ ምክንያት ነው። ባለፈው ወር ቡና ላይ "እናንተዬ፣ ተስፋ የሚሸጥበት ቦታ ካወቃችሁ ንገሩኝና ልግዛ" አለች። ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። ሦስት ልጆች አሏት። መንገድ ሲዘጋ ንግዷ ይቆማል። ታናሽ ወንድሟ ስደት ላይ ነው። ዝምታው ረዘመ።

ተስፋ የሚገዛ አይደለም፤ እጅ ግን ይፈልጋል። ቋንቋችንም እንዲያ ነው የሚለው። ተስፋ "አደረግሁ" እንላለን። ተስፋ "ቆረጥኩ" እንላለን። በሁለቱም ውስጥ የሚያደርገውም የሚቆርጠውም ሰው ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔና ጎረቤቶቼ ሞክረን የጠቀመንን አሠራር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አራት ነገር አዘጋጁ፦ አንድ ደብተር (የልጆች ትርፍ ደብተር ይበቃል)፣ እስክሪብቶ፣ በቀን ሩብ ሰዓት፣ አንድ የምታምኑት ሰው። ለማግኘት የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ወደ እሱ ደረጃ 5 ላይ እንመለሳለን።

1. ምሬቱን በስሙ ጻፉት

"ኑሮ ከበደ።" "አገር ተበላሸ።" "ዓለም አበቃላት።" እንዲህ ያለ አባባል እጀታ የለውም። በየት በኩል ይያዛል?

ደብተሩን ክፈቱና ልባችሁን የከበደውን አንድ በአንድ ጻፉ። ሰፊውን ተዉትና የዛሬውን ጻፉ። "ጤፍ አልቋል፣ ደመወዝ እስኪደርስ 9 ቀን ይቀራል።" "የማዳበሪያው ገንዘብ አልሞላም።" "ልጄ ትምህርት ካቆመች ሁለተኛ ዓመቷ ነው።" "የወንድሜ ስልክ ከማክሰኞ ጀምሮ አይሠራም።" ሲጻፍ ያማል። ቢሆንም ሲጻፍ ልክ ይኖረዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጣራውን የሚያክለው ነገር ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው።

ከዚያ በእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ምልክት አድርጉ። ብቻችሁን ልታደርጉበት የምትችሉት ነገር ካለ "እጄ" በሉ። ከሌላ ሰው ጋር ሆናችሁ የሚቀል ከሆነ "እጃችን" በሉ። የትም ብትሮጡ የማትደርሱበትን "ሩቅ" በሉት።

ሩቁን እርሱት አላልኩም። የሰው ልጅ እየሞተ "ሩቅ ነው" ብሎ መርሳት አይቻልም፣ አይገባምም። ቦታ ስጡት ነው የምለው። እኔ ሩቁን ለጸሎት ነው የማስቀምጠው። ጠዋት ስሙን እየጠራሁ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ዝርዝር 14 መስመር ነበረው። 5ቱ "እጄ"፣ 3ቱ "ሩቅ" ሆኑ። የቀሩት 6ቱ "እጃችን" ነበሩ። ይህን አልጠበቅኩም። ብቻዬን ተሸክሜ ስጨነቅባቸው ከከረምኩት ነገሮች አብዛኞቹ መጀመሪያውኑ ለአንድ ሰው ጫንቃ የተሠሩ አልነበሩም።

2. ውኃውን ቀይሩ፤ ለወሬ ሰዓት ስጡት

ግብጦ በአንድ ውኃ ውስጥ ሳምንት ቢቆይ የራሱን ምሬት መልሶ ይጠጣል። እኛም ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ወሬ ውስጥ ተዘፍዝፈን የምንውል ከሆነ እንዲሁ ነን።

በክልላችን በአማራ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውን ጦርነት የምታውቁት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ አለማወቅ አሳመመን። ኔት ሲመለስ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረደብን፤ ማወቅ አሳመመን። ከሁለቱ ሕመም መሃል መንገድ ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኛል። አሁን የምከተለው ይህ ነው።

ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ስልክ አልከፍትም። ፊቴን እታጠባለሁ፣ በር እከፍታለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ቀኑን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ይለያል፦ እኔ ወይስ አንድ የማላውቀው ሰው የለቀቀው ቪዲዮ።

ዜና የማየው ሁለት ጊዜ ነው። ቀን ከምሳ በኋላ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ። በያንዳንዱ ሩብ ሰዓት። ከሁለት ሰዓት ማታ በኋላ ቴሌግራምም ቲክቶክም የለም። እንቅልፍ የሚሰርቀው የማታው ነው።

ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የምትወዱት ሰው ጋ ደውሉ። "ደህና ናችሁ?" ከዚያ ነው ወሬው። ቅደም ተከተሉ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ስንት ቀን ተሳስቼበታለሁ። ሰው ሳልጠይቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ፌስቡክ ላይ ቆይቼ፣ ልቤ ደርቆ፣ ባትሪዬ ያለቀበት ቀን ብዙ ነው።

ወሬ ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የት ነው? መቼ ነው? በዓይኑ ያየ ማን ነው? አንዱን ካልመለሳችሁ አትላኩት። የድሮ ፎቶ "ዛሬ" ተብሎ ስንት እናት አስለቅሷል። የሬሳ ምስል ደግሞ ፈጽሞ አትላኩ፣ አትመልከቱም። ሟቹን አይጠቅመውም፤ እናንተ ላይ ግን ይቀራል።

የሰው አእምሮ ክፉውን ቶሎ ይይዛል፣ ደጉን ቶሎ ይለቃል። የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ደጋግመው አይተውታል። ዜናም በባሕሪው በአንድ ቀን የሆነውን ነው የሚያወራው። ድልድይ ሲፈርስ ዜና ነው። ሕፃናት በየዓመቱ ትንሽ በትንሹ ከሞት ሲተርፉ ማንም "ሰበር ዜና" አይልም። ስለዚህ ያን ሌላውን ወሬ ሄዶ መፈለግ ያስፈልጋል። ቀጣዩ ደረጃ እሱ ነው።

3. ክፉ ቀን ካለፈበት ሰው ጋር ተቀመጡ

አንድ አዛውንት ፈልጉ። አያት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ መነኩሲት እማሆይ፣ ማንም ይሁን። ቡና ወይም ስኳር ያዙና ሂዱ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ "ያለፉበት ክፉ ቀን የትኛው ነው? ያኔ ምን ይበሉ፣ ምን ይሠሩ ነበር? ማን ደረሰልዎት?" ሦስተኛዋን አትዝለሏት።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጉንጫቸው ዝናብ የመታው አፈር ይመስል ነበር። እኛ ልጆች እንፈራቸዋለን። አንድ ቀን ጠርተውኝ እጄን ያዙና ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። "ንኪው፣ አይጋባም። የወንድሞቼ መቃብር ነው" አሉኝ። ሁለት ወንድሞቻቸው በአንድ ክረምት ሞተዋል። እሳቸው ብቻ ተረፉ።

ፈንጣጣ ዛሬ የለም። በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ኦጋዴን ውስጥ ነው። በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው የዓለም ሰው በጥቅምት 1970 ሶማሊያ፣ መርካ ላይ ተገኝቶ ዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 "ጠፍቷል" ብሎ አወጀ። ያን ሥራ የሠሩት ክትባት ተሸክመው በእግርና በበቅሎ ተራራ የወጡ፣ ወንዝ የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። አገር ሰላም አልነበረም። አብዮት ነበር፣ ጦርነት ነበር። መንገድ እስኪከፈት ቢጠብቁ ኖሮ አያልቅም ነበር።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 67 ሆነ። 67 ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ የአንዲት እናት ልጅ ነው። ጦርነት ደግሞ የተሠራውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ግን በመሃል ያለውን 99 አስቡት። ከየ1,000ው 99 ልጅ። ክትባት፣ አጎበር፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ውኃ አፍልታ የምታጠጣ እናት። ስማቸውን ማንም አያውቀውም።

የጎጃም ሰው የአምስቱን ዓመት የአርበኝነት ታሪክ መስማት ይወዳል። በላይ ዘለቀ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል። እኔ ግን የማስበው ስለ 1930 ነው። በ1930 ጫካ ያለ አርበኛ ነገሩ በ1933 እንደሚያልቅ አያውቅም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ተቀምጧል። አውሮፕላን አለው። አርበኛው የሚያውቀው ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር ብቻ ነው። እኛ መጨረሻውን አውቀን ስለምንሰማው ታሪኩ ቀላል ይመስለናል። እሱ መሃሉ ላይ ነበር። እኛም አሁን መሃሉ ላይ ነን።

የሰማችሁትን ደብተሩ ላይ ጻፉት። በሚከብድ ቀን ታነቡታላችሁ።

4. ትንሽ ግብ፣ ሁለት ሦስት መንገድ

በአሜሪካ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ምሁር ቻርልስ ስናይደር ዕድሜያቸውን ተስፋን በማጥናት አሳልፈዋል። እንደሳቸው አባባል ተስፋ ያለው ሰው ሦስት ነገር አለው፦ የሚደርስበት ግብ፣ ወደዚያ የሚወስዱ መንገዶች፣ "እችላለሁ" የሚል ጉልበት። ለእኔ ትልቁ ነገር መንገዶች በብዙ ቁጥር መሆኑ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላ ያለው ሰው ተስፋ ለመቁረጥ አይቸኩልም።

መንገድ መዘጋት ለእኛ ምሳሌ አይደለም፣ የየሳምንቱ ኑሮ ነው። ስለዚህ ይህን ደረጃ በደንብ ሥሩት።

ከዝርዝራችሁ "እጄ" ወይም "እጃችን" ያላችሁትን አንድ ምረጡ። አንድ ብቻ። ቀን ያለው ትንሽ ግብ አድርጉት። "ልጄ ትማር" ትልቅ ነው። "ልጄ እስከ ፋሲካ የማባዛት ሠንጠረዥ እስከ 9 በቃሏ ትያዝ" ይያዛል። ከዚያ ሦስት መንገድ ጻፉ። አንደኛ፣ ማታ ማታ ራሴ አስጠናታለሁ። ሁለተኛ፣ 12ኛ የጨረሰችው የጎረቤት ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ታስተምራት። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ካልሆነ አጎቷ በስልክ ይጠይቃት። ከዚያ "ይህ ከሆነ ይህን አደርጋለሁ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። "ማታ መብራት ከጠፋ ጠዋት ቁርስ ስሠራ አስጠናታለሁ።" አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ልብ ሲደክምም ይሠራል።

ስለ መንገድ ብዛት የአዊ ዞኗን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ሳላነሳ አላልፍም። አዲስ ቅዳም የሄደ ሰው ያውቀዋል። የአካባቢው አፈር አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ብሎ ነበር። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል። ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል። በአራት በአምስት ዓመት ዛፉ ደርሶ ከሰል ይሆናል። መሬቱም አገግሞ መልሶ ጤፍ ይሸከማል። ራቁቱን የነበረ ተራራ አረንጓዴ ለበሰ፣ ሳር ቤት የነበረው ቆርቆሮ ሆነ። እንዲህ ያለ ተስፋ በዓይን ይታያል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሽታ ገባ። ዛፉ እየዛገ ደረቀ። መሬቱን ሁሉ በአንድ ዛፍ ሸፍኖ የነበረው ገበሬ በጣም ተጎዳ። ጥግ ላይ ድንች ያስቀረ፣ ግብጦ የዘራ፣ ንብ ያለው ሰው ቢያንስ የሚይዘው ነበረው። ይህን ያነሳሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ያን ጊዜ ከዚያ የተሻለ ነገር አልነበረም። እናንተ ግን ግባችሁን ስትጽፉ ሁለተኛዋን መስመር ባዶ አትተዉ።

5. ቡናውን በሦስት ክፈሉት

ከሁሉም ደረጃ ይህን እወደዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህችን ሞክሩ።

ቡና ሦስት ዙር አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እኛ ሰፈር አምስት ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ድሮ ከአቦል እስከ በረካ እሮሮ ነበር። የዋጋው፣ የመንገዱ፣ የሞተው፣ የታሰረው። ስንለያይ ከመጣነው የበለጠ ከብዶን ነበር የምንሄደው። "ተስፋ ልግዛ" ያለችው ጎረቤቴ ያን ቀን ዝም ካሰኘችን በኋላ አንድ ነገር ተስማማን።

አቦል የምሬት ነው። እያንዳንዷ ያላትን ታወጣለች። ማንም አያቋርጣትም፣ ማንም አይመክራትም። "አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው" ብሎ ማሳጠር የለም። ሰው መራራውን ሳያወጣ ማር አይዋጥለትም።

ቶና የሆነልን ነገር ነው። በሳምንቱ ውስጥ የሆነ አንድ ደግ ነገር፣ ቢያንስም። "ላሟ ወለደች።" "ወንድሜ ደወለ።" "ሐሙስ ሌሊት ተኩስ አልነበረም፣ ተኝቼ አደርኩ።" መጀመሪያ ላይ ቶና ላይ ዝም እንል ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሳምንቱን ሙሉ ለቶና የሚሆን ነገር ስንፈልግ እንውል ጀመር። "ይቺን ለቅዳሜ" እያልን።

በረካ የሥራ ነው። "እስከ ሚመጣው ቅዳሜ ምን እናድርግ?" አንድ ነገር። ትንሽ። ማን እንደምትሠራው በስም ይወሰናል።

በበረካ ነው የልጆቹ ትምህርት የተጀመረው። አንዷ "የእኔ ልጅ 12ኛ ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች፣ ሒሳብ ታውቃለች" አለች። ሌላዋ ግቢዋን ሰጠች። ሰሌዳ የለም። የግቢው የቆርቆሮ በር ሰሌዳ ሆነ። ጠመኔ ይይዛል። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት 9 ልጆች ድንጋይ ላይና በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ስገባ በሩን ገፋሁትና "7 × 8 =" የሚለው ከእኔ ጋር ተከፈተ። ከውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ "መልሱን ሳልጽፈው ከፈቱት!" ብላ ጮኸችብኝ። በሩን መልሼ ዘጋሁላት። ውጭ ቆሜ ጠመኔው ቆርቆሮው ላይ ሲንጫረር ሰማሁ። 56።

ወንዶች በሰንበቴም፣ በጽዋ ማኅበርም፣ በወንፈልም ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። አጨዳ ላይ ወንፈል ሲወጣ፣ ባሏ የሌላት ሴት ማሳ ቀድሞ ይታጨድ ብሎ መወሰን ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል። እቁብም ካላችሁ አንድ ዕጣ ለችግረኛ ማስቀደም ይቻላል። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ያለው ማኅበር ላይ "በረካ" የምትል አንዲት ጥያቄ ጨምሩ።

የምታምኑት ሰው የለም ላላችሁ፦ ሁለት ሰው ይበቃል። አንድ ሲኒ ተጨማሪ ቅዱና የጎረቤት በር አንኳኩ።

6. ሰውነታችሁን አትርሱት

ያልተኛ ሰው ተስፋ አይታየውም። እንቅልፍ ቅድሚያ ይሰጠው። በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ፣ ወደ ገበያም ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን። ብርሃን ይንካችሁ። ጭንቀትን በአረቄ ማስተኛት ነገ በወለድ ነው የሚያስከፍለው።

ጓሮ ካለ ጎመን ትከሉ። ቦታ ከሌለ በተሰበረ ባልዲም ይሆናል። ጠዋት ተነስቶ ከትናንት ያደገ ነገር ማየት ምን ያህል እንደሚያግዝ እስክትሞክሩት አታምኑም።

7. ለሰፊው ዓለም አንድ ነገር እጠሩ

ስለ ዓለም ስናስብ እጃችን ይዝላል። የአየር ንብረት፣ የጦርነት፣ የረሃብ ዜና። ዝናቡ ሰዓቱን አይጠብቅም፣ ጮቄ ተራራ ከዓመት ዓመት እየተራቆተ ነው። አንድ ሰው ምን ያደርጋል?

በጎጃምም በጎንደርም ከሩቅ የደን ጉብታ ካያችሁ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ያ ብቻ ቀርቷል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። ትልቁ ችግር ከብት ገብቶ ቡቃያውን መብላቱ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ይኖራሉ፣ ልጆቻቸው ግን አያድጉም። መፍትሔው በብዙ ቦታ የድንጋይ ካብ ሆነ። ምእመኑ ከራሱ ማሳ ድንጋይ ለቅሞ ደኑን ዙሪያውን ካበው። ማሳው ከድንጋይ ተገላገለ፣ ደኑም ቡቃያ አወጣ።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት "እጠር" የሚለውን ነው። ከዓለም ችግር አንድ ምረጡና በአቅማችሁ እጠሩት። ዘንድሮ 100 ችግኝ ተክሎ ከመርሳት 3 ተክሎ በጋውን ሙሉ ማጠጣት ይሻላል። የዓለም ስደተኛ ሁሉ ያሳስባችሁ ይሆናል፤ ከተማችሁ የመጣ አንድ ተፈናቃይ ቤተሰብ ፈልጉና የልጆቹን ደብተር ያዙላቸው። ለሌላው ጸልዩ። ለዚህኛው ግን ሂዱ።

8. ምንም የማይሠራበት ቀን ሲመጣ

ይመጣል። ሰው ይሞታል። ደብተሩን ሳትከፍቱ ሳምንት ያልፋል።

ያኔ ተስፋ ከራሳችሁ አትጠይቁ። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ እሳት አያነድም፤ እድርተኛው እህል ውኃ ይዞ ይመጣል። ጎረቤት መሬት ላይ አብሮ ይቀመጣል። የሚባለውም "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" ነው። "ተስፋ አድርግ" አይባልም። ሌላ ሰው ተስፋውን ይዞለት ይቆያል፣ እሱ እስኪነሳ። እናንተም ያን ቀን ተቀበሉ። የመጣውን ሰው አትመልሱ። በሌላው ቀን ደግሞ እናንተ ሂዱ።

ግን ይህን በጥንቃቄ አንብቡልኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ልብ ከጨለመ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የተስፋ ማጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ጤና ጣቢያ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጠበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የሞት ሐሳብ ያለበትን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ አብራችሁት እደሩ። "ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ ነው የኖረው።

መቼ ይደርሳል?

ጎረቤቴ ይህን ጠይቃኛለች። ቀኑን አላውቅም። ምልክቶቹን ግን አይቻለሁ። "ነገ" የምትለዋ ቃል በወሬያችሁ ውስጥ ትበዛለች። አቦል ያጥራል፣ በረካ ይረዝማል። የሆነ ቀን ዘር ትገዛላችሁ፤ ዘር ደግሞ ለዛሬ አይገዛም። እሷ ባለፈው ቅዳሜ ለሰኔ የሚሆን የጌሾ ችግኝ ማን እንዳለው ስትጠይቅ ሰማኋት። ምንም አላልኳት። ሲኒዋን ተቀብዬ ቀዳሁላት።

የእሑዱ ግብጦ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት አንድ ፍሬ አውጥቼ ቀመስኩ። ጫፉ ላይ ትንሽ ይመራል። ውኃውን ደፍቼ ሌላ ሞላሁበት። ለቅዳሜ ቡና ይደርሳል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።